የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች

አበው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲሉ ማንን አይተው እንደተረቱ እንጃ። ዛሬ ተነስተው ከቦሌ እስከ ፒያሳ አንዴ ቢመላለሱ ግን ተረቱን ለአዲስ አበባ መርቀው ይሰጧት ነበር። ከተማችን እንግዳ መጣብኝ ብላ ሽር ጉድ ላይ ናት። ደጇን ታጥባለች፣ ግድግዳዋን ትቀባለች፣ መብራቷን ታበራለች። ጉባኤተኛው ይመጣል፣ ቱሪስቱ ይመጣል፣ ዶላሩም ተከትሎ ይመጣል ይባላል። ይምጡ! እንግዳ የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የት አለ? የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እንግዳው ሲመጣ የሚያስተናግደው ማን ነው? ያ አስተናጋጅ አምሽቶ ሲወጣ በምን ቤቱ ይገባል? እሱ ሰው ሲያስተናግድስ የገዛ ልጁ የት ይጫወታል?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለሹማምንቱ የሚገናኙ አይመስሏቸውም። የልጆች ጨዋታ ለሴቶችና ሕፃናት ቢሮ፣ ብስክሌቱ ለትራንስፖርት፣ የአስተናጋጁ ነገር ደግሞ ለሥራና ክህሎት ተብሎ በየመዝገብ ቤቱ ተበትኖ ይተኛል። በሰው ቤት ግን አንድ ናቸው። ከአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ሌሊት ያድራሉ።

እስቲ አንዲት አስተናጋጅ አለች እንበል። ስም አንሰጣትም፣ እሷን የመሰሉ ብዙ ናቸውና። ካዛንቺስ ከአንዱ ሆቴል ጀርባ በቀበሌ ቤት ትኖር ነበር። ሥራዋ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሺፍቷ ምሽት ሲሆን ልጇ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘል ያመሻል፤ አንዷ እማማ ደጃቸው ላይ ቡና እያፈሉ ሁሉንም በዓይናቸው ይጠብቃሉ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ያ ግቢ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተሸኘ። ቤት ተሰጠ፣ እሺ፣ ቤት ነው። ግን ሆቴሉ ካዛንቺስ ቀረ፣ እሷ ገላን ገባች፣ እማማ ደግሞ ሌላ ብሎክ ደረሳቸው። በአንድ ጀንበር መጓጓዣዋም፣ ሞግዚቷም፣ የልጇ መጫወቻም አብረው ፈረሱ። ይሄ በየትኛው የካሣ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ ይሆን?

ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። ለዚህ ይመስላል የልጅ ጨዋታ ሲነሳ ትልልቆቹ ሰዎች ፈገግ ብለው ወደ «ቁም ነገሩ» የሚያልፉት። ጨዋታ ግን ለልጅ ሥራው ነው። ብይ ሲጫወት ርቀት መለካት ይማራል። እቃቃ ስትጫወት ቤት ማስተዳደር ትለማመዳለች። ሌባና ፖሊስ ሲሯሯጡ ሕግ ማውጣት፣ ሕግ ማክበርና ያጭበረበረውን «አትጫወትም!» ብሎ ማባረር ይማራሉ። (ይሄን የመጨረሻውን ትልልቆቹም ተምረውት ቢሆን ኖሮ አገሩ ሌላ በሆነ።)

ደግሞ የጨዋታ ነገር ምጽዋት አይደለም፣ መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። አዎን፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! ከተማይቱ ተከባ፣ ባለሥልጣኑ ሻንጣውን እያሰረ ባለበት ሰዓት ልጆች የመጫወት መብት አገኙ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት መጡ ሄዱ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው አለ። ስለዚህ ሜዳ አጥሮ ለባለሀብት መስጠት «ልማት» ብቻ አይደለም፣ የሕግ ጥያቄም ያስከትላል።

ሐቁን ለመናገር በአዲሶቹ ኮሪደሮች ዳር የልጆች መጫወቻ ተሠርቷል። ዥዋዥዌውም ሸርተቴውም ያምራል። ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። መኪና ከሚከንፍበት አውራ ጎዳና ዳር የተተከለ ሸርተቴ አባትና እናት እሑድ ልጃቸውን አልብሰው፣ ፎቶ አንስተው፣ አይስክሬም ገዝተውለት የሚመለሱበት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ግን በየቀኑ ነው የሚጫወተው። ብቻውን አስፋልት አይሻገርም። ለሱ መጫወቻ ማለት እናቱ ከመስኮት ስትጣራ ድምፅዋ የሚሰማበት ቦታ ነው። መለኪያው ይኸው ነው፤ ከዚያ የራቀ ሁሉ ሽርሽር ይባላል።

ይሄ ሀብት የሚጠይቅ ነገር ነው የሚል ካለ አምስተርዳምን ይይ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከተማዋ ሳትጠግን አልዶ ቫን አይክ የሚባል ወጣት አርክቴክት በአንድ ትንሽ አደባባይ ላይ መጫወቻ ሠራ። የአሸዋ ገንዳ፣ ለመንጠልጠያ የሚሆን ብረት፣ የሚዘለልባቸው ጥቂት የኮንክሪት ድንጋዮች፣ አለቀ። የየሰፈሩ ሰው አይቶ «ለእኛም ይሠራልን» ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፍ ጀመር። እስከ 1978 ድረስ ቁጥራቸው ከ700 አለፈ። ብዙዎቹ የተሠሩት ቤት ፈርሶባቸው ባዶ በቀሩ ቦታዎች ላይ ነው። ልብ በሉ፣ እነሱ በፈረሰ ቤት ቦታ መጫወቻ ሠሩ። እኛ ዘንድ ቤቱም መጫወቻውም አንድ ላይ ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል።

ሳይክል ያላት ሰፈር

ወደ ብስክሌቱ እንለፍ። በኮሪደሩ ዳር የብስክሌት መስመር ተሰምሯል፣ ጥሩ ነው። የብስክሌት መንገድ መጀመሪያ የተጠየቀው ለማን እንደነበር ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሆላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1971 በመኪና አደጋ ከ3000 በላይ ሰው ሞቶባታል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። በ1972 ልጁን በመኪና የተነጠቀ አንድ ጋዜጠኛ «የልጆች ግድያ ይቁም» ሲል ጻፈ። ጽሑፉ የእንቅስቃሴ ስም ሆነ፣ እናቶች መንገድ ዘጉ፣ ልጆች አስፋልት ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ። መንግሥት የብስክሌት መንገድ ወደ መሥራት ያዘነበለው ይሄ ጩኸት የነዳጅ ውድነት ሲጨመርበት ነው። እዚያ የብስክሌት መስመር ለጌጥ አልተሰመረም፤ የልጅ ሞት የሰመረው መስመር ነው።

አሁን ደግሞ «የጋራ ብስክሌት» የሚባል ነገር አለ። ከአንዱ ጣቢያ ወስደህ ሌላው ጣቢያ ላይ ትመልሳለህ። የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለዋል። እንዴ! በየሰፈራችን ሦስት አራት ሳይክል ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ለልጆች በደቂቃ የሚያከራየው ጎረምሳ ምን ሲሠራ ኖሮ ነው? ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ሳይክል የለመደው በኪራይ ነው። የአምስቱን ደቂቃ ሒሳብ ከፍሎ አሥር ነድቶ ሲመለስ ጆሮውን የተቆነጠጠውም እዚያው ነው። የጋራ ብስክሌት ማለት ይኸው ነው፤ ቴክኖሎጂው ሲጨመርበት ነው ስሙ የተለወጠው።

ቁም ነገሩ ያለው ዋስትናው ላይ ነው። አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው «የሁሉም ነው፣ ማንም ይንዳው» ብለው ሳይቆልፉ መንገድ ላይ ተዉት። ፖሊስ ያልተቆለፈ ብስክሌት ሌባ ይጋብዛል ብሎ ሰበሰበው። ኮፐንሃገን በ1995 ሳንቲም እየተከተተበት የሚፈታ ብስክሌት አመጣች፤ መያዣው 20 ክሮነር ነበር። ፓሪስ በ2007 በካርድ የሚሠራውን ቬሊብ ስትጀምር ያ ሁሉ ካርድ እያለ እንኳ ብዙው ተሰረቀ፣ ብዙው ተሰባበረ። ቻይና ውስጥ ደግሞ ኦፎ የተባለው ኩባንያ ከተማውን በቢጫ ብስክሌት ካጥለቀለቀ በኋላ በ2018 መጨረሻ ላይ ሲንገዳገድ፣ ሚሊዮኖች መያዣ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ወረፋ ያዙ። ብስክሌቱም እንደ ቁራሌው ክምር ሜዳ ላይ ተቆልሎ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማር? ብስክሌት መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ሹሙ ኮፍያ አድርጎ ሃምሳ ሜትር ይነዳል፣ ቴሌቪዥን ያሳያል። ማን ይጠግነዋል? ጎማው ሲተነፍስ ማን ይነፋል? ማታ ማን ይጠብቀዋል? ከተማዎቹን የፈተናቸው ይሄ ነው። ያ የሰፈር አከራይ ደግሞ መልሱን ከድሮም ያውቀዋል። የሱ ዋስትና መተዋወቅ ነው። «የእትዬ እንትና ልጅ» የተባለ ልጅ ሳይክል ይዞ የት ይሄዳል?

ስለዚህ አዲስ አበባ የጋራ ብስክሌት ካሰበች ሥራውን ለአንድ ባለ ግዙፍ ውል ኩባንያ ጠቅልላ ከመስጠቷ በፊት እነዚህን ልጆች ታስታውስ። በየሰፈሩ አደራጅታ፣ መለዋወጫና መጠገኛ ቦታ ሰጥታ፣ ብስክሌቱን በነሱ እጅ ታድርግ። ኪጋሊ የጋራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ2021 ጀምራለች፤ ዳገት እንደሆነ እሷም ዳገት አላት። ጣቢያውም የሚያምረው አደባባይ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። ከገላን እስከ ካዛንቺስ በፔዳል ይደረሳል የሚል የለም። ከባቡሩና ከአውቶቡሱ ማቆሚያ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ያለውን መንገድ ግን ብስክሌት ያቃልለዋል። ማታ በእግር ለምትመለሰው ሴት ከሁሉም የሚያስፈራት ያቺ የመጨረሻዋ ጭለማ መንገድ ናት። መብራቱስ ለምን እዚያ አይደርስም? አውራ ጎዳናው ላይ ዛፍ ሳይቀር ሲያበራ፣ የሠራተኛው ሰፈር በሞባይል ባትሪ ይሄዳል።

ጥርስ ባዳ ነው

አሁን ወደ አስተናጋጇ እንመለስ። ሆቴሎቻችን አዳዲስ ናቸው፣ ሶፋው ምቹ ነው። ደንበኛው ግን «አገልግሎቱ ይጎትታል፣ ፊታቸው አይፈታም» እያለ ያማርራል። ባለቤቶቹ ደግሞ «ሠራተኛ አይበረክትም፣ አሠልጥነን ሌላው ይወስድብናል» ይላሉ። ከዚያ መፍትሔ ይመጣል፦ የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና። ግማሽ ቀን «ፈገግ በሉ» ይባላሉ። ግድግዳ ላይ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብሎ ፎቶ ይሰቀላል። በነጋታው ብርጭቆ የሰበረው «ምርጥ ሠራተኛ» ከደሞዙ ይቆረጥበታል።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ውስጥ እያረረ ይስቃል። ግን ስንት ሰዓት ይስቃል?

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ይሄን ነገር ለሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። ደሞዝ፣ የሥራ ሁኔታና የአለቃ ጠባይ ሲበላሹ ሰው ይማረራል። እነሱ ተስተካክለው ደግሞ ሰውን የሚያተጋው መታመን፣ ኃላፊነት መውሰድና ሥራው መታወቁ ነው። በኛ ቤት ሁለተኛው ከመጀመሪያው በፊት ይሞከራል። መሠረት ሳይጣል ጣሪያ ይመታል። የማይታመን ሠራተኛ ፎቶው ቢሰቀል ምን ይፈይድለታል? ሪትዝ ካርልተን የሚባለው የሆቴል ድርጅት ማንኛውም ሠራተኛ፣ ክፍል አጽጂዋም ብትሆን፣ የእንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃ ሳትጠይቅ እስከ 2000 ዶላር እንድታወጣ ይፈቅዳል። ገንዘቡን ትታችሁ እምነቱን ተመልከቱ። እዚህ አስተናጋጁ የቀዘቀዘ ሻይ ለመለወጥ ካሸር፣ ሱፐርቫይዘርና ማኔጀር ያዞራል።

መሠረቱ ምን ይመስላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን መንገድ ጠርጓል። አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም. እንኳ፣ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል አልነበረም። መንግሥት የራሱን ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ 6000 ብር ሲያደርግ የአስተናጋጇ ደሞዝ ለአሠሪዋ ደግነት ተተወ። «ጉርሻ አላት አይደል!» ይባላል። ጉርሻ የደንበኛው ደግነት ነው፤ ደሞዝ የአሠሪው ግዴታ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። በብዙ ሆቴሎች ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ «ሰርቪስ ቻርጅ» ይደመራል። ደንበኛው ይሄን ሲያይ «አስተናጋጇ ደርሷታል» ብሎ ጉርሻውን ይተዋል። የአዋጁ አንቀጽ 53 ግን ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም ይላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በደመወዝ ነው። አሠሪው ደመወዙን አሳንሶ «ቀሪውን ከሰርቪስ ቻርጅ ታገኛለህ» ባለ ቁጥር የሠራተኛው እርጅና እየተሸረፈ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ትሪ ተሸክማ የምትጡረው በዚያች በትንሿ ደሞዝ ነው። ሰርቪስ ቻርጁም ማን ኪስ እንደገባ ደንበኛው የሚያይበት ደረሰኝ የለም።

የብርጭቆውም ነገር ሕግ አለው። አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ አይቆረጥም ይላል፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ተጽፏል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው 1.75 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ሕጉ አለ እኮ! የጠፋው የሚያስከብረው ነው። ከተማው በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች ምሽት አምሽተው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ደንብ ለማውጣት አልደከመውም። ያመሸው ሠራተኛ ትርፍ ሰዓቱ ተከፈለው ወይ ብሎ የሚዞር ተቆጣጣሪ ግን የት አለ? በር ዘግቶ የተገኘ ይቀጣል፤ ሳይከፍል ያሠራስ?

ምን ይደረግ?

«መተቸት ቀላል ነው» ለሚሉን አራት ነገር እንናገር። አንደኛ፣ ሰፈር ሲፈርስና ሲሠራ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መሐል የእናት ጥሪ የሚሰማበት መጫወቻ ይተው። የመኪና ማቆሚያም የባለሀብት ካፌም አይሁን። አሸዋና ብረት ይበቃል። ሁለተኛ፣ የጋራ ብስክሌት ከታሰበ ከየሰፈሩ አከራዮችና ጠጋኞች ጋር ይሁን፣ ጣቢያውና መብራቱም ሠራተኛው ከሚወርድበት ማቆሚያ ይጀምር። ሦስተኛ፣ የደመወዝ ቦርዱ ሥራውን ይሥራ፤ ሰርቪስ ቻርጅ የሚሰበስብ ሆቴልም ስንት ሰብስቦ ለማን እንዳከፋፈለ በየወሩ ለሠራተኛው በጽሑፍ ያሳውቅ። አራተኛ፣ እስከ ምሽት የሚያሠራ ሆቴል ሠራተኛውን ማድረስ የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። እንግዳን ከቦሌ የሚያመጣ ሚኒባስ ያለው ሆቴል ሠራተኛውን ቤቱ የሚያደርስ እንዴት ይጠፋዋል?

ባለ ሆቴሎቹም ቢሆኑ ያስቡበት። ሶፋና መብራት ጎረቤታቸውም መግዛት ይችላል። የማይገዛው የሠራተኛ ልብ ነው። ልጇ በሰላም መዋሉን ያወቀች፣ በደህና እንደምትገባ የተማመነች፣ የላቧን የምታገኝ ሴት «ፈገግ በይ» የሚል አሠልጣኝ አያስፈልጋትም። ፈገግታው ራሱ ይመጣል። ያን ጊዜ እንግዳውም ተመልሶ ይመጣል፤ ዶላሩም።

አለበለዚያ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ «ውብ ከተማ» ብሎ ይሄዳል። እኛ ግን አንሄድም፣ እዚሁ ነን። ሹማምንቱ የሰው ድስት ማማሰሉን ለአፍታ ቆም አድርገው ጓዳቸውን ያሽትቱ። የሚያርር ነገር ይሸታል!

ቸር ያሰንብተን።